ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸውን ተማሪዎች የዕለት ተዕለት ክንውን ስንመዝን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሴሬብራል ፓልሲ በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሲጎዳ የሚመጣ፣ እንቅስቃሴንና የሰውነት አቋምን የሚያውክ እክል ነው። የእነዚህን ልጆች ክንውን ስንመዝን ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ልጁ በምርመራ ክፍል ያሳየውን ችሎታ የዘወትር ክንውኑ አድርጎ መመዝገብ ነው። በለስላሳ ወለል ላይ፣ የሚጋፋው ሰው በሌለበት፣ ባለሙያው «ጎበዝ!» እያለው ዐሥር ሜትር ሳይደገፍ የተራመደ ልጅ፣ ጠጠር በበዛበት የትምህርት ቤት ግቢ ቦርሳውን አዝሎ በእረፍት ሰዓት ግርግር ሲያልፍ የጓደኛውን ትከሻ ሳይይዝ ላይሆንለት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ያጸደቀው የክንውን፣ የአካል ጉዳትና የጤና ምደባ (አይ.ሲ.ኤፍ)፣ ሰው ማድረግ የሚችለውንና በኑሮው ውስጥ የሚያደርገውን ለያይቶ ያስቀምጣል። መዝጋቢውም ሁለቱን ለየብቻ ሊጽፋቸው ይገባል።

ሁለተኛው ስህተት ምደባን እንደ ውጤት መቁጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው ጂ.ኤም.ኤፍ.ሲ.ኤስ የተባለው ምደባ፣ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸውን ልጆች እንደ መቀመጥና መራመድ ያለ እንቅስቃሴ በአምስት ደረጃዎች ይከፍላል፤ ነገር ግን ሦስተኛ ደረጃ ላይ ካሉ ሁለት ልጆች አንዱ የዩኒፎርሙን ቁልፍ ራሱ ሲቆልፍ ሌላው የሰው እጅ ሊጠብቅ ይችላል። ደረጃው በአብዛኛው ስለማይለዋወጥም የጥቂት ወራት ሕክምና ያመጣውን መሻሻል አያሳይም።

በውጭ አገር የተዘጋጀ የመመዘኛ መጠይቅን እንዳለ መገልበጥ ደግሞ በእኛ አገር በተለይ ያሳስታል። ፔዲ የተባለው የሕፃናት የዕለት ተዕለት ክንውን መለኪያ የመጀመሪያ እትሙ የተዘጋጀው ከ6 ወር እስከ 7 ዓመት ተኩል ላሉ ሕፃናት በመሆኑ፣ የ11 ዓመት ተማሪን በዚያ የዕድሜ ሚዛን ማወዳደር ትርጉም የለውም። ከዚህም በላይ ስለ ማንኪያና ሹካ የሚጠይቅ መጠይቅ እንጀራ ቆርሶ፣ ወጡን ጠቅልሎ መጉረስ የሚፈልገውን የጣት ቅንጅት አይነካም። ቀኝ እጁ የማይታዘዝለት ልጅ በጋራ ትሪ ላይ ግራ እጁን መስደድ አሳፍሮት እናቱ ስታጎርሰው፣ ቅጹ ላይ «መመገብ አይችልም» ተብሎ ይሰፍራል፤ ለብቻው ሳህን ቢቀርብለት ግን በግራው በልቶ ይጠግብ ይሆናል። መቀመጫ ባለው ሽንት ቤት ያለ ረዳት የሚገለገል ልጅም የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ቁጢጥ የሚያስብል ከሆነ ይቸገራል።

የወላጅን መልስ ሳያጣሩ መቀበልም ያሳስታል። እናት «ራሱ አይለብስም» ስትል ምክንያቱ የጠዋቱ ጥድፊያ ሊሆን ስለሚችል፣ «ቅዳሜ ጊዜ ቢያገኝስ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። መናገር የሚያዳግተውን ልጅ ደግሞ አይገባውም ብሎ መደምደም ጨርሶ ተቀባይነት የለውም፤ በዐይኑ ወይም በጣቱ እንዲመልስ ጊዜ ይሰጠው።

በመጨረሻም «ራስን መርዳት፦ መካከለኛ» የሚል ሪፖርት ለመምህሩ አንዳች አይጠቅመውም። «ከክፍሉ እስከ መጸዳጃው በክራንች ይሄዳል፤ ዝናብ ሲጥል ግን ረዳት ያሻዋል፤ ሱሪውን ለማውለቅ ጊዜ ስለሚወስድበት ደወሉ ሳይደወል ቀደም ብሎ ይለቀቅ» ተብሎ ቢጻፍለት መምህሩ በማግሥቱ ሥራ ላይ ሊያውለው ይችላል።