ሞዲፋይ የተደረገች መኪና እና ኢንሹራንስ፦ የጅማ ወጣት አሽከርካሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ የቡና ገንዘብ ሲገባ በየጋራዡ የሚሰማው ድምፅ ይቀየራል። አመሻሽ ላይ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ቆም ብላችሁ ብታዳምጡ፣ ማርሚታዋ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) የተከፈተ ቪትዝ ከአይሱዙ በላይ ስታጓራ ትሰማላችሁ። በልጆቹ አልፈርድም። እኔም በእነሱ ዕድሜ የአባቴን ዲኤክስ መስታወት ሳላስፈቅድ አጥቁሬ፣ ፊልሙን በጥፍሬ እየላጥኩ እንዳነሳው ተደርጌያለሁ።

ችግሩ ድምፁ አይደለም። ኢንሹራንስ ቢሮው የሚያውቃት መኪና ውሉ ላይ የተጻፈችዋን ነው፤ በሻንሲ ቁጥሯ፣ በሞተር ቁጥሯ፣ በተሠራችበት ዓመት፣ በዋጋዋና በአገልግሎቷ። ሞዲፋይ ተደርጋ፣ ማለትም ከፋብሪካ ከወጣችበት ተቀይራ፣ ከጋራዥ የወጣችው ሌላ መኪና ከሆነች፣ ልዩነቱ የሚቆጠረው አደጋ በደረሰ ቀን ነው።

«ሞተሩን አልነካሁትም እኮ»

ከሁሉም በላይ የምሰማው ይሄን ነው። ጎረቤቴ ያለ አንድ ልጅ፣ ዕድሜው 22፣ ኮሮላውን ዝቅ ለማድረግ አራቱንም ሞላ በፍሌክስ፣ በብረት መቁረጫው ማሽን፣ አስቆረጠ። ወጪው ትንሽ ነበር፤ ሥራው ከሰዓት ተጀምሮ ማታ አለቀ። ከሁለት ወር በኋላ ከሰርቦ ሲመለስ ዝናብ ያዘው። መታጠፊያው ላይ መኪናዋ ኋላዋን ወርውራ ቦይ ውስጥ ገባች። ተመስገን ነው፣ ሰው አልተጎዳም።

የኢንሹራንሱ መሐንዲስ ሊያይ ሲመጣ እኔም ቆሜ ነበር። ፓራውልቱንና ኮፈኑን አየና ጻፈ። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ የስልኩን መብራት ወደ ጎማው ውስጥ አበራ። የሞላው ጫፍ ፋብሪካ እንዳወጣው ዞሮ አላለቀም። ቀጥ ብሎ ተቆርጧል፤ ፍሌክሱ ያቃጠለው ቦታ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል።

«ይሄን ማን ቆረጠው?»

«ጋሼ፣ ሞላ ነው እንጂ ሞተር አልነካሁም።»

መሐንዲሱ አልተከራከረም። ፎቶ አነሳና ተነሳ። የተቆረጠ ሞላ መቀመጫው ላይ በደንብ አይቀመጥም። የሚጫወትበት ቦታ ያጥርበታል፤ አሞርዛተሩ መጨረሻው ድረስ እየሄደ ይመታል፤ ጎርባጣ ላይ ጎማው መሬቱን ይለቃል። በዝናብ ጊዜ ይሄ ምን እንደሚያመጣ መሐንዲስ መሆን ሳያስፈልግ ይገባል። ክርክሩ ወራት ፈጀ፤ በመጨረሻ የተከፈለው ልጁ ከጠበቀው በጣም ያነሰ ነበር።

ከሞላ ሌላም አለ። ከጭቃ መከላከያው ወጣ ያለ ሰፊ ቸርኬ ኩሽኔታውን ይጎዳል፤ መሪ ሲዞርም ጎማው ይነካል። ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን የሚያጠፋ ፓውዛም ለውጥ ነው። የሞተሩን ኮምፒውተር ማስነካትማ ግልጽ ነው። እዚህ ላይ ልጆቹን ትንሽ እረዳቸዋለሁ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። መኪናቸው ቀዝቀዝ ቢልባቸው አይገርምም። ግን ሞተሩን አጠንክሮ ፍሬኑን እንዳለ መተው ነው ችግሩ፣ መሐንዲሱም መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

«ውሉ ሲታደስ እነግራቸዋለሁ»

አይሆንም። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የኢንሹራንስ ክፍል ዛሬም ይሠራል። ውሉ ላይ ስትፈርሙ ስለ አደጋው መጠን የምታውቁትን ሁሉ በትክክል እንድትናገሩ ያስገድዳል። ውሉ እየሠራ ሳለ አደጋውን ከፍ የሚያደርግ ነገር ከተፈጠረም በ15 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለባችሁ። ሆን ብሎ የደበቀ ሰው ውሉ ዋጋ ያጣበታል። ሳያስበው የተወ ሰው ደግሞ ካሳው ከከፈለው ፕሪሚየም (የኢንሹራንስ ክፍያ) ጋር እየተመጣጠነ ሊቀነስበት ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው፤ ያልደበቃችሁ መሆናችሁን የምታሳዩት ግን በወረቀት ነው።

«ኢንሹራንስ ቢሮ ላለችው ልጅ ነግሬያት ነበር፣ እሺ ብላኛለች» ወረቀት አይደለም። ሁለት መስመር ማመልከቻ ጻፉ። ምን እንደተቀየረ፣ መቼ፣ የት ጋራዥ። ደረሰኙንና ፎቶውን አያይዙ። ቅጂው ላይ የተቀበሉበትን ማህተምና ቀን አስደርጉ። ከተቀበሉት ኢንዶርስመንት የሚሉትን የውል ማሻሻያ ይሰጧችኋል። ጭማሪ ሊጠይቁ ይችላሉ። አንዳንዱን ለውጥ ሰምተው ምንም ሳይጨምሩ ያልፉታል፤ አንዳንዱን ጨርሶ አንሸፍንም ይላሉ። አንሸፍንም ቢሉም ዛሬ ብታውቁት ይሻላል። ሞላው ገና ካልተቆረጠ በተለይ።

ሞተር ቀይሮ ሊብሬውን መርሳት

ይሄ አጭር ነው። ሞተር ከተቀየረ የሞተር ቁጥሩ ተቀይሯል። መጀመሪያ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዶ ሊብሬው ላይ ማስተካከል፣ ከዚያ ኢንሹራንሱ ጋ መሄድ። የግዢውን ሰነድ ካልያዛችሁ ሞተሩ ከየት መጣ የሚል ሌላ ጣጣ ይከተላል፤ እሱ ደግሞ ከኢንሹራንስም ያልፋል።

በአባት ስም፣ በልጅ እጅ

መኪናዋ የአባባ ናት። ውሉ በአባባ ስም ነው። ቅጹ ላይ አዘውትሮ የሚነዳው ማነው ሲባል የተጻፈው አባባ ነው፤ እሳቸው ግን መሪ ከያዙ ዓመት አልፏቸዋል። ይሄ በየቤቱ አለ፣ ብዙዎቻችንም ክፋት አይታየንም። ግን ወጣትና አዲስ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ሲነዳ ኤክሰሱ፣ ማለትም ከካሳው ላይ ከራሳችሁ ኪስ የሚቀነሰው ድርሻ፣ ከፍ የሚልባቸው ውሎች አሉ። ወረቀቱን አውጡና ዕድሜንና የመንጃ ፈቃድ ዘመንን የሚያነሳ አንቀጽ ካለ አንብቡት። በዚያ ላይ መኪናዋ ሞዲፋይ ከሆነች ያልተነገረው ነገር ሁለት ሆነ ማለት ነው። ካሳው ሲቀነስ ቢሮ ለቢሮ የሚመላለሱት ደግሞ አባባ ናቸው።

ዋጋዋን እንደ ድሮው መተው

የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተከለከለ አሮጌዎቹም ዋጋቸው ሌላ ሆኗል። ብዙ ሰው ግን ፕሪሚየም ለመቆጠብ መኪናውን በድሮ ዋጋ ነው የሚያስመዘግበው። ሂሳቡን እዩት። መኪናዋ ዛሬ 1,000,000 ብር ታወጣለች፣ ውሉ ላይ ያለው 600,000 ነው እንበል። የ100,000 ብር ጉዳት ቢደርስ የሚታሰብላችሁ 60,000 ነው፤ ከዚያ ላይ ኤክሰሱ ይነሳል። መኪናዋን የጎዳችኋት በጥቂቱ ቢሆንም ስሌቱ ያው ነው።

ቸርኬውና የድምፅ ማጉያው ደግሞ ለብቻ ነው። ውሉ ላይ በስምና በዋጋ ካልተጻፈ፣ መሐንዲሱ የሚያስበው ፋብሪካ ያወጣውን ተራ ቸርኬ ነው። እናንተ ለአራቱ ስንት እንደከፈላችሁ እሱን አይመለከተውም።

መስታወቱ ላይ ያለውን ወረቀት ማመን

«ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ የሦስተኛ ወገኑን ስቲከር የሚያሳይ ልጅ ብዙ ነው። እሱ በሕግ ግዴታ የሆነው ነው። የተገጨውን ሰውና የሌላውን ንብረት ነው የሚያስበው። የእናንተን ኮፈን፣ የእናንተን ቸርኬ አያውቀውም። ለራሳችሁ መኪና ሙሉ ሽፋን የሚባለው ያስፈልጋል። እሱም ቢሆን እሽቅድምድምን አይሸፍንም። ሌሊት ከጓደኛ ጋር «እስቲ ማን ይቀድማል» መባባልም እሽቅድምድም ነው። ኮድ 2 መኪና ለሰርግ አጃቢነት በገንዘብ ማከራየትም እንዲሁ፤ ውሉ ለግል አገልግሎት ነው የሚለው።

ከአደጋ በኋላ መደበቅ

የከፋው ስህተት ይሄ ነው። ልጁ ደንግጦ፣ መሐንዲሱ ሳይመጣ የድሮውን ማርሚታ ከጓሮ አውጥቶ ያስገጥማል። እስከዚያ ድረስ ጉዳዩ «አላሳወቀም» ነበር። አሁን «አታለለ» ሆነ። መኪናዋን እንዳለች ተዉአት። ትራፊክ ፖሊስ ጥሩና ሪፖርቱን ያዙ፣ ለኢንሹራንሱ በ5 ቀን ውስጥ አሳውቁ፤ ሕጉ የሚለው ይሄን ነው። ስለተቀየረው ነገር ሲጠይቋችሁ የተቀየረውን ንገሩ።

የጎረቤቴ ልጅም ሊሞክር ነበር። ቦይ ውስጥ ከገባች በኋላ በማግስቱ ሌሊት፣ ትክክለኛ ሞላ ይዞ መካኒክ ፍለጋ ወጥቶ ነበር። መካኒኩ እምቢ አለው። ትራፊኩ እኮ ቦዩ ዳር ሆኖ መኪናዋን ከአራቱም ማዕዘን ፎቶ አንስቷት ነበር።