አሽሊ ዊሊያምስን ስናነሳ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የኳስ ክርክር እወዳለሁ። ስለ አጥቂ ከሆነ ክርክሩ ቶሎ ያልቃል፤ ጎሉ ይቆጠርና ሁሉም ዝም ይላል። ስለ ተከላካይ ሲሆን ግን የሚቆጠር ነገር ስለሌለ ሁሉም አፉ እንዳመጣለት ይናገራል።

በ2016ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ዌልስና ቤልጂየም ሩብ ፍጻሜ ሲጫወቱ ዲኤስቲቪ ቤት ነበርኩ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳንደናገር)። ጨዋታው በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 4 ላይ ነው የጀመረው። የቤልጂየሙ ናይንጎላን ከሩቅ ለግቶ ሲያገባ ግማሹ ሰው "አለቀላቸው" ብሎ ተነሳ። በ31ኛው ደቂቃ የዌልሱ ራምሴ የማዕዘን ምት አሻማ፣ አንድ የመሃል ተከላካይ ማንም ሳይዘው ሮጦ ገብቶ በቴስታ ቀጠቀጠው። 1 ለ 1። ጓደኛዬ ዞር አለና "ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?" አለኝ።

ያ ሰው አሽሊ ዊሊያምስ ነው፣ የዌልስ አምበል። ከዚያ ምሽት ወዲህ ስለሱ ሲወራ በሰማሁ ቁጥር ተመሳሳይ ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንዳንዶቹን እኔም ብያቸዋለሁ።

"እንግሊዛዊ ነው" ማለት። ወይም "ዌልስ ነው የተወለደው" ማለት።

ሁለቱም ልክ አይደሉም። የተወለደው በ1984 ዎልቨርሃምፕተን ነው፣ እንግሊዝ ውስጥ። ለዌልስ የተጫወተው በእናቱ አባት በኩል ነው። የፊፋ ሕግ የአያትን ሐረግ ይቀበላል። እኛ አገር ብዙ ሰው የሚምታታበት የብሪታኒያ ፓስፖርት አንድ ስለሆነ ነው። በኳስ ግን እንግሊዝ፣ ዌልስ፣ ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ፌዴሬሽንና ብሔራዊ ቡድን አላቸው።

"ታዲያ የእውነት ዌልሳዊ አይደለማ" የሚል አይጠፋም። ያን ምሽት ቤልጂየም ላይ ያገቡት ሦስቱም፣ ዊሊያምስም፣ ሮብሰን ካኑም፣ ሳም ቮክስም፣ እንግሊዝ የተወለዱ ናቸው። ካርዲፍ ውስጥ የልደት ወረቀት የጠየቃቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። ደግሞ 86 ጊዜ ለብሔራዊ ቡድን የተሰለፈን ሰው "የእውነት ነህ ወይ" ብሎ መጠየቅ ትንሽ ያሳፍራል።

ድንገት የፈነዳ ኮከብ አድርጎ ማየት

የጓደኛዬ ጥያቄ መነሻ ይሄ ነው። እሱ ያየው የ31 ዓመት ሰው በትልቅ መድረክ ላይ ጎል ሲያገባ ነው። በፊት የነበረውን አላየም።

ዊሊያምስን ዌስት ብሮም በ16 ዓመቱ አሰናበተው። በእንግሊዝ የወጣት ቡድን ባህል በ16 ዓመትህ "አትሆንም" ተባልክ ማለት ብዙ ጊዜ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። እሱ ሄድንስፎርድ ታውን የሚባል፣ ከአራቱ ዋና ሊጎች በታች የሚጫወት ትንሽ ክለብ ገባ። ደሞዙ ስለማያኖረው ጎን ለጎን የመዝናኛ ፓርክ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር።

እዚህ ላይ ሌላ ስህተት አለ፣ ከመጀመሪያው የባሰ። ታሪኩን የሚያውቁት ሰዎች ደግሞ "ከመዝናኛ ፓርክ ወደ ፕሪሚየር ሊግ!" ብለው ተረት ያደርጉታል። መሃል ያሉት ዓመታት የሉም። በእኔ አስተያየት ግን ተከላካዩ የተሠራው በነዚያ ዓመታት ነው። በ2003 የመጨረሻ ቀን ስቶክፖርት ካውንቲን ተቀላቀለ፣ 19 ዓመቱ ነበር። እዚያ ከአራት ዓመት በላይ ቆየ። ቡድኑ አንድ ዲቪዚዮን ወርዶ አራተኛው እርከን ላይ ሲጫወትም አብሮ ነበር። ክርን የሚበዛበት፣ ኳሱ ከሰማይ የማይወርድበት፣ ሜዳው በክረምት ጭቃ የሚሆንበት ሊግ ነው። ተከላካይ አቋቋም የሚማረው እንደዚህ ዓይነት ቦታ ላይ ነው፣ በየሳምንቱ እየተመታ። ትልቅ አካዳሚ ውስጥ ከእኩዮቹ ጋር ብቻ የሚጫወት የ19 ዓመት ልጅ ይህን ከየት ያገኛል?

በ2007 መጀመሪያ ላይ ስቶክፖርት ዘጠኝ የሊግ ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸነፈ፣ በዘጠኙም አንድ ጎል ሳይቆጠርበት። የሊጉ ሪከርድ ነበር። በረኛው በውሰት የመጣ ዌይን ሄነሲ የሚባል ወጣት ነው። ከፊቱ ዊሊያምስ። እንግዲህ ዘጠኝ ዓመት ቆይታችሁ የቤልጂየምን ጨዋታ አሰላለፍ ተመልከቱ፤ በረኛው ሄነሲ ነው፣ ከፊቱ ዊሊያምስ። ከየትም አልመጣም። እነዚህ ሁለቱ በአራተኛ ዲቪዚዮን ጭቃ ላይ ሲግባቡ የከረሙ ሰዎች ናቸው።

ዕድሜውን ቁጠሩት፦ ስዋንሲ ሲቲ በውሰት የወሰደውና ለዌልስ መጀመሪያ የተሰለፈው በ23 ዓመቱ፣ ሁለቱም በመጋቢት 2008። ፕሪሚየር ሊግን ሲረግጥ ሃያ ሰባት ሊሞላው ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር። ያ ጨዋታ ደግሞ ማንችስተር ሲቲ ላይ ነው፣ አጉዌሮ ከተጠባባቂ ወንበር ተነስቶ ሁለት ያገባበት፣ 4 ለ 0። ጥሩ አቀባበል አልነበረም።

በዋጋው መመዘን

ስዋንሲ የገዛው በ400,000 ፓውንድ ነው። ኤቨርተን በ2016 የከፈለው 12 ሚሊዮን አካባቢ ነው፣ ሰላሳ ሁለት ሊሞላው ቀናት ሲቀሩት። በዋጋ ከሄድን ሠላሳ እጥፍ አድጓል ማለት ነው። ምርጥ ዘመኑ ግን ያለፈው በርካሹ ዋጋ ነው።

"ኳስ ጠራጊ ነው" ማለት

ያገኘውን ኳስ ዝም ብሎ አርቆ የሚለጋ ማለታቸው ነው። ይህን የሚለው ስዋንሲን ያላየ ሰው ነው። ስዋንሲ በዚያ ዘመን "ስዋንሴሎና" (ስዋንሲና ባርሴሎና ተቀላቅለው) የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለት ነበር፣ ኳስ በመቀባበሉ። አሰልጣኙ ሮቤርቶ ማርቲኔዝ ጀመረው፣ ተከታዩ ብሬንዳን ሮጀርስ አጠናከረው፣ በ2011 ሬዲንግን ዌምብሌይ ላይ 4 ለ 2 አሸንፈው ፕሪሚየር ሊግ የገባ የመጀመሪያው የዌልስ ክለብ ሆኑ። በ2013 በአሰልጣኝ ላውድሩፕ ስር ብራድፎርድን 5 ለ 0 ረትተው የሊግ ካፑን ወሰዱ።

እንደዚህ የሚጫወት ቡድን ኳሱ የሚጀመረው ከኋላ ነው። በረኛው አይለጋም፣ ለመሃል ተከላካዩ ያቀብላል። ያ ተከላካይ አጥቂ እየሮጠበት ራሱን ቀና አድርጎ ቀጣዩን ሰው ማግኘት አለበት። ዊሊያምስ ቁመቱ 1 ሜትር ከ83 ነው፣ ለመሃል ተከላካይ ረጅም የሚባል አይደለም። በጉልበትና በቁመት ብቻ የሚኖር ተጫዋች ቢሆን ኖሮ ስዋንሲ ላይ ስምንት ዓመት አይቆይም ነበር። ሌላው ሰው ፍጥነቱን ሲያይ እሱ ኳሱ የት እንደሚወድቅ አስቀድሞ ያያል። ይህን ቴሌቪዥን አያሳይህም። ካሜራው ኳሱን ነው የሚከተለው፣ ተከላካዩ ትክክለኛ ቦታ ላይ ስለቆመ ሳይመጣ የቀረውን ኳስ አያሳይም።

ከአንድ ቪዲዮ ተነስቶ መፍረድ

"እሱ እኮ ቫን ፐርሲን ጭንቅላቱን በኳስ የመታው ነው" ይሉኛል። አዎ፣ እሱ ነው። ታኅሣሥ 2012፣ ስዋንሲና ማንችስተር ዩናይትድ 1 ለ 1 የተለያዩበት ጨዋታ። የዩናይትዱ አጥቂ ቫን ፐርሲ መሬት ላይ ወድቆ ሳለ ዊሊያምስ የለጋው ኳስ ጭንቅላቱን መታው። ሆላንዳዊው ተነስቶ አንገት ላንገት ተያያዙ፣ ሁለቱም ቢጫ አዩ። የዩናይትዱ አሰልጣኝ ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ተጫዋቼ ሊሞት ይችል ነበር ብለው ረጅም ቅጣት ጠየቁ። ዊሊያምስ ሆን ብዬ አይደለም አለ። ቅጣትም አልመጣበትም።

የዩናይትድ ደጋፊ ከሆንክ ምን እንደምታስብ አውቃለሁ፣ እኔም ያኔ ተናድጄ ነበር (የየትኛው ክለብ ደጋፊ እንደሆንኩ ገባችሁ መሰለኝ)። ግን የአስራ ምናምን ዓመት ሥራ በአንድ ምት ይጠቀለላል? አጥቂ አንድ ቀን ቢስት ነገ ያገባና ይረሳለታል። ተከላካይ ላይ ቪዲዮ የሚቆረጠው ሲያጠፋ ብቻ ነው።

"የቤል ቡድን ነበር" ማለት

ይህኛው ግማሽ እውነት ስላለበት ነው የሚከብደው። በ2016ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ማጣሪያ ዌልስ ካገባቻቸው 11 ጎሎች 7ቱን ያገባው ጋሬዝ ቤል ነው። ክርክር የለውም። ግን ቆይ፣ ዌልስ በአስር ጨዋታ 11 ጎል ብቻ አግብታ እንዴት አለፈች? በአስሩ የተቆጠረባት 4 ብቻ ስለሆነ ነው። ቤል አንድ ያገባል፣ ከኋላ ያሉት በሩን ዘግተው ይወጣሉ። ቤልጂየምን ካርዲፍ ላይ 1 ለ 0 ያሸነፉት እንደዚያ ነው። ሦስት የመሃል ተከላካዮች፣ መሃላቸው ላይ ዊሊያምስ፣ ቀኑን ሙሉ እየጮኸ።

አምበልነቱም የተሰጠው በክፉ ቀን ነው። የዌልስ አሰልጣኝ ጋሪ ስፒድ በኅዳር 2011 ካረፈ በኋላ ክሪስ ኮልማን ያንን ሐዘን ላይ የተቀመጠ ቡድን ተረከበ። በመስከረም 2012 ሰርቢያ 6 ለ 1 ቀጠቀጠቻቸው። ኮልማን አምበልነቱን ከራምሴ ወስዶ ለዊሊያምስ ሰጠው። ራምሴ ገና ልጅ ነበር፣ ሸክሙ ከብዶት ነበር። የ6 ለ 1 ማግስት አምበል መሆን ማን ይፈልጋል? አራት ዓመት ሳይሞላ ያው ቡድን ከ1958ቱ የዓለም ዋንጫ ወዲህ በገባበት የመጀመሪያ ትልቅ ውድድር ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ፣ እንግሊዝን በልጦ።

በጥሎ ማለፉ ሰሜን አየርላንድ ላይ ዊሊያምስ ከራሱ ቡድን ሰው ጋር ተጋጭቶ ትከሻውን ተጎዳ። ሊቀይሩት ፈለጉ፣ እምቢ አለ። ክንዱ ተንጠልጥሎ ጨረሰ። የቤልጂየሙን ጎል በቴስታ ያገባው ከስድስት ቀን በኋላ ነው።

ከመጨረሻው ተነስቶ ወደ ኋላ መፍረድ

"ኤቨርተን ላይ አላየኸውም?" አይቼዋለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ደህና ነበር፣ ቡድኑ ሰባተኛ ወጣ። ሁለተኛው ከባድ ነበር። አሰልጣኙ ኩማን ተባረረ፣ አንስዎርዝ በጊዜያዊነት ያዘ፣ ከዚያ አላርዳይስ መጣ፤ በአንድ የውድድር ዓመት ሦስት አሰልጣኝ ማለት ነው። ዊሊያምስም ዘገየ፣ በርንሊ ላይ ቀይ ካርድ አየ፣ የራሱ ደጋፊ ያጉረመርምበት ጀመር። በሚቀጥለው ዓመት ስቶክ ሲቲ በውሰት፣ ከዚያ ብሪስቶል ሲቲ። በጥር 2021 ጫማውን ሰቀለ።

ያ ውድቀት እውነት ነው፣ ልሸፍነው አልፈልግም። ለእኔ ከኤቨርተን በላይ የሚያመው ጥቅምት 2017 ካርዲፍ ላይ የሆነው ነው። ከአየርላንድ ጋር፣ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የመጨረሻ ጨዋታ። ዌልስ ከኋላ ኳስ ለመጀመር ሞከረች፣ ከሄነሲ ወደ ዊሊያምስ። አየርላንዶች ተጭነው ኳሱን ወሰዱ፣ ተሻማ፣ ማክሊን አገባ፣ 1 ለ 0፣ የሩሲያው ዓለም ዋንጫ ለዌልስ ቀረባት። እነዚያው ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ዘጠኝ ጨዋታ ጎል ሳይቆጠርባቸው የጨረሱት። ያን ኳስ ያዩ ሰዎች "ለምን ዝም ብሎ አይጠርገውም?" ብለው ጮኹበት። ትዝ ካላችሁ፣ ከላይ ኳስ ጠራጊ ሲሉት የነበሩት እነሱው ናቸው።