ያገለገለ ሞኒተር ስትገዙ ቀለሙን እንዲህ ፈትኑት

ባለሱቁ የዊንዶውስ ሴቲንግ ከፍቶ «ይኸው፣ 32 ቢት ነው» ቢላችሁ በዚያ ብቻ ብር እንዳታወጡ። ሰውየው ዋሽቷል ማለቴ አይደለም። ቢት የቀለም ብዛት መለኪያ ነው፤ ይህ ቁጥር ግን የሚናገረው ኮምፒውተሩ ስለሚልከው ቀለም እንጂ ሞኒተሩ ስለሚያሳየው አይደለም።

እኔ የምሠራው የሰርግ ካርድና ባነር ዲዛይን ነው። ሞኒተር ልገዛ ስወጣ ፍላሽ ላይ አንድ ምስል እይዛለሁ፤ ግራው ጥቁር ሆኖ ወደ ቀኝ ቀስ በቀስ እየነጣ የሚሄድ። ፎቶሾፕ ላይ በግራዲየንት ይሠራል። ስፋቱን 1920 ፒክስል አድርጉት፣ ዲተር የሚለውን (ደረጃዎቹን በነጠብጣብ የሚያደባልቀውን) አጥፉ፣ በፒኤንጂ ሴቭ አድርጉ። ጄፔግ ራሱ ስለሚያበላሸው ይቅር።

ሱቅ ስትደርሱ መጀመሪያ ሞኒተሩን ሪሴት አድርጉ። ኮንትራስቱ ከልክ በላይ ከተጨመረ ደህናውም ስክሪን መጥፎ ይመስላል። ኮምፒውተሩ የድሮው ዊንዶውስ ኤክስፒ ከሆነ ደግሞ 16 ቢት ላይ እንዳይሆን እዩ፤ በ65,536 ቀለም የትኛውም ሞኒተር አያምርም።

አሁን ምስሉን በሙሉ ስክሪን ክፈቱ። የኮምፒውተሩ ቢት የሁሉም ቀለም ድምር ነው፤ የስክሪን ቢት ግን ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ለየብቻ ይቆጠራል። 8 ቢት ስክሪን 256 የግራጫ ደረጃ አለው። እያንዳንዱ ደረጃ ሰባት ስምንት ፒክስል ብቻ ስለሚይዝ ዓይን እምብዛም አይለየውም። 6 ቢት ያለው ግን 64 ብቻ ነው። አንዱ ደረጃ 30 ፒክስል ይሰፋል፤ ሽንትር ሽንትሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ይታያል አልኩ እንጂ ቲኤን የሚባሉት ርካሽ የስክሪን ዓይነቶች ብልጥ ናቸው። የሌላቸውን ቀለም ሁለት ተቀራራቢ ቀለሞችን ቶሎ ቶሎ በማፈራረቅ ያስመስሉታል። ስለዚህ ጠጋ በሉና ጠቆር ያለውን ግራጫ አተኩራችሁ እዩ። ስስ ነገር የሚርመሰመስ ከመሰላችሁ 6 ቢት ሳይሆን አይቀርም።

ከጀርባው ያለውን የሞዴል ቁጥርም በስልካችሁ ፈልጉት። 16.2 ሚሊዮን ቀለም ከተባለ 6 ቢት ነው፣ አበቃ። 16.7 ሚሊዮን ከተባለ 8 ቢት ሊሆን ይችላል፤ ግን የሚያፈራርቁትንም እንዲህ ብለው የሚጽፉ አምራቾች ስላሉ ምስሉን አትተዉ።

የድሮው ባለ ቱቦ ሞኒተር ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። አናሎግ ስለሆነ የቢት ገደብ የለውም። በ1987 የወጣው ቪጂኤ የሚባለው የኮምፒውተር ማሳያ ስልት በአንድ ጊዜ 256 ቀለም ብቻ ያሳይ የነበረው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የቪዲዮ ካርድ ስላልቻለ እንጂ በቱቦው ጥፋት አልነበረም።

ለኤክሴልና ለፊልም 6 ቢት ይበቃል። ብቻ ሽንትሩን ለባለሱቁ አሳዩትና ዋጋውን አስቀንሱ።