ደሴ ላይ መድረክ ለሚወጡ፦ በውዝዋዜና በቲያትር የሚደጋገሙ ስህተቶች

ኮምቦልቻ ውስጥ የወጣቶች ውድድር ለመዳኘት ተቀምጬ ነበር። አስራ አንድ ቡድን ቀረበ፤ ዘጠኙ አንድ ዓይነት ነጭ ልብስ ለብሰው፣ በአንድ ዓይነት ኪቦርድ፣ ሁለት ረድፍ ሆነው ጨፈሩ። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ አባት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ይኼ የየት አገር ጭፈራ ነው?» አሉኝ። ሁሉም «የወሎ» ብለው ያስመዘገቡት ነበር፤ እኔም የምመልስላቸው አጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማሠለጥናቸውን ልጆች ስህተት፣ የራሴንም ጭምር፣ መመዝገብ ያዝኩ።

«ባህላዊ» ሲባል «ያልተነካ» ማለት የሚመስላቸው

ሰርግ ቤት ጭፈራ ክብ ነው። ተራ የደረሰው ይገባል፣ የደከመው ይወጣል፣ ጨፋሪና አጨብጫቢ ይቀያየራሉ። መድረክ ግን ፊቱ አንድ ብቻ ነው። ክቡ ተፈትቶ ተመልካች ፊት ሲሰለፍ ጭፈራው ያኔውኑ ሌላ ሆኗል። ይህን የጀመርነውም እኛ አይደለንም። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በደርግ ዘመን ደግሞ በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ። ማሪቱ ለገሰ የዘፈነችበት የወሎው ላሊበላ ኪነትም የዚያ ዘመን ልጅ ነው። አንድ ዓይነት ልብስ፣ የተቆጠረ እርምጃ፣ እኩል መዞር፣ እኩል ማጎንበስ ከመድረክ የተማርነው ነው። ወጣቱ ዛሬ «የአያቶቻችን» ብሎ የሚያቀርበው አሰላለፍ ከአያቶቹ ግቢ ይልቅ ለኪነት ይቀርባል።

ይህን የምለው ኪነትን ለመንቀፍ አይደለም፤ ብዙ ዜማ ያተረፈልን እሱ ነው። የሚያስቸግረው ለውጡን ረስቶ አዲስ ነገር የሞከረውን ልጅ «ባህል አበላሸህ» ብሎ ማሸማቀቅ ነው። እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ። አንዲት ልጅ መሬት ተቀምጣ፣ እግሯን አጥፋ፣ በትከሻዋ ብቻ ስትጨፍር «ተነሺ፣ ይኼ የፈጠራ ነው» ብዬ አስቆምኳት። ምንም አልመለሰችልኝም። ከወራት በኋላ ለድግስ ቤታቸው ሄድኩ። አያቷ ጓዳ ውስጥ ከሽንኩርት ልጣጭ መሀል ተቀምጠው፣ ቢላዋውን እንኳ ከእጃቸው ሳያስቀምጡ፣ ያንኑ ትከሻ ሲያንቀጠቅጡ አየሁ። ልጅቷ ሣቅ ብላ አየችኝ። በማግስቱ ልምምድ ላይ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ጭፈራው ተቀምጠው እንደሚጨፍሩት ሆኖ ገባ።

ወሎን በአንድ ትከሻ መጠቅለል

የራያ ጎረምሳ ዱላ ይዞ ሲዘል፣ የዋግና የላስታ ልጃገረዶች በነሐሴ ለሻደይና ለአሸንድዬ ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው ሲወጡ፣ የከሚሴ ኦሮሞ ሲጨፍር፣ የአርጎባ ሰርግ ሲደምቅ፣ ይህን ሁሉ አንድ እስክስታ አይወክለውም። የባቲን የሰኞ ገበያ ያየ ሰው አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በአንድ ሜዳ ሲገናኙ አይቷል፤ አረማመዳቸው እንኳ አንድ አይደለም። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት አዳራሽ «አይጠየፍ» የተባለው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲበላ ነው እንጂ ወጡ አንድ እንዲሆን አይደለም። ስለዚህ «የወሎ ጭፈራ» ብላችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት የየትኛው ወረዳ፣ የማን፣ ለምን ጊዜ እንደሆነ ጻፉ። ይህን መመለስ ካልቻላችሁ ገና ልምምድ አልጀመራችሁም።

ቅኝቱም ላይ ይኸው ነው። አምባሰልና ባቲ የቦታም የቅኝትም ስም ናቸው። አምባሰል እያንጎራጎረ የሚሄድ፣ ሆድ የሚያባባ ነው፤ እሱን አፍጥኖ ዝላይ ማስጨፈር ለለቅሶ ቤት እልል እንደማለት ነው።

መንዙማን ማጀቢያ ማድረግ

በእኔ ዘንድ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። መንዙማ ለፈጣሪና ለነቢዩ የሚቀርብ ውዳሴ ነው። መሪው ያወጣል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፣ ድቤው ይመታል። ሰውነት የሚወዛወዘው እንዲታይ ተብሎ አይደለም። ወሎ ውስጥ በአማርኛ ቃል፣ በአረብኛ ፊደል፣ አጀሚ እየተባለ ሲጻፍና በቃል ሲያዝ የኖረ ቅኔ ነው። አንድ ቡድን ዜማውን በድምፅ ማጉያ ከፍቶ የሰርግ እስክስታ ጨፈረበት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች ኩታቸውን ሰብስበው ተነሡ። አልተቆጡም፣ ማንንም አልሰደቡም፤ ዝም ብለው ወጡ። ከቁጣ ይልቅ ያ ዝምታ አሁንም ያሳፍረኛል፤ ከዳኞቹ አንዱ ነበርኩና።

መንዙማ መድረክ ላይ አይገባም ማለቴ አይደለም። ተውኔት ውስጥ ዱዓ የተቀመጠ ቤተሰብ ቢኖር፣ ዕጣኑ ቢጨስ፣ መሪው ቢያወጣና ሌሎቹ ቢቀበሉ፣ ራሱን ሆኖ ገብቷል። ግን አስቀድማችሁ ሐድራ፣ ማለትም የመንዙማና የዱዓ ስብሰባ፣ ወደሚመሩት ሂዱ፤ የትኛው የትኛው ጊዜ እንደሚባል፣ የቱ ከቤት እንደማይወጣ ይነግሯችኋል። የማኅሌቱ መቋሚያና ጽናጽልም እንዲሁ ባለቤት አለው።

ቲያትርን ቆሞ መናገር አድርጎ መያዝ

አራት ተዋንያን በረድፍ ቆመው ወደ ጣሪያ እያዩ ተራ በተራ ይናገራሉ። እናት ልጇን ስትረግም እንኳ ወደ ልጇ አትዞርም። ዓይኔን ብጨፍን የሚጎድለኝ የለም፤ ሬዲዮ ነው። አንዱን ልጅ «እናትህን ቤት ውስጥ እንዲህ ቆመህ ነው የምታናግራት?» ስለው «ኧረ ጋሼ፣ እሷ ምጣድ ላይ ሆና እኔ በሩ ሥር ነኝ» አለኝ። ምጣዱንና በሩን መድረኩ ላይ አደረግንለት፤ ቃለ ተውኔቱ ሳይነካ ትዕይንቱ ተቃና።

የስህተቱ ሥር ቲያትር ከውጭ የመጣ ነው፣ እኛ ያለን ንግግር ብቻ ነው ማለቱ ይመስለኛል። እርግጥ በጽሑፍ ተዘጋጅቶ የሚቀርበውን ተውኔት የጀመሩልን ውጭ አገር ተምረው የመጡት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ናቸው፤ በአውሬዎች አፍ መንግሥትን የሚነቅፍ ኮሜዲ አዘጋጅተው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደባቸው። የትወናው ነገር ግን ከዚያ በፊትም ነበረን። በላ ልበልሃ የሚሟገተውን ባለጉዳይ አስቡት፤ ኩታው፣ ዱላው፣ አቋቋሙ ሁሉ ክርክሩን ያግዘዋል። ሀሚናዎች (ላሊበላዎች) ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ደጅ ቆመው ከማዜማቸው በፊት የባለቤቱን ስም ከጎረቤት ይጠይቃሉ። በሩ እስኪከፈት በስም ያወድሳሉ፣ ሲዘገይባቸው ጎንተል ያደርጋሉ፣ ሲሰጣቸው መርቀው ይሄዳሉ። ገጸ ባሕርይውን ሳያጠና መድረክ የሚወጣ ተዋናይ ከእነሱ ብዙ ይማራል።

ለማያይ መሣሪያ መጨፈር

ከበሮ መቺ ትከሻ ያያል። ጨፋሪዋ ስትግል ያግላል፣ ትንፋሽ ሲያጥራት ያሳርፋታል። ኪቦርድ አያይም፤ የተሞላለትን ፍጥነት ይዞ ይሄዳል። አንድ ማታ ልምምድ ላይ መብራት ጠፋ። አንዱ ልጅ ባዶ ጀሪካን አንሥቶ መምታት ጀመረ፣ ሴቶቹ አጨበጨቡ፤ ሁለት ወር ሙሉ እንደ ወታደር ሲንቀሳቀሱ የነበሩት ልጆች እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። መብራቱ ሲመጣ ኪቦርዱን የከፈተ አልነበረም። ማሲንቆ ተጫዋች ለመቅጠር ገንዘብ የለንም ለምትሉኝ፣ ጀሪካን ሁሉም ቤት አለ።

ስለ ልብስ ብዙ አልልም፤ ጥለቱን ከገበያ ስትገዙ የማን አገር ልብስ እንደሆነ ጠይቁ። ለስልክ ካሜራ ተብሎ ጭፈራን ወደ ሠላሳ ሰከንድ ማሳጠርም እየተለመደ ነው፤ አዳራሽ የተቀመጠው ሰው መጀመሪያውንም ማብቂያውንም ይፈልጋል።

ደሴን አለመፍራት

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሽቅቡ ግን ከ600 ሜትር በላይ ነው። የኮምቦልቻ ልጆች በቀጭን ሸሚዝ ይመጣሉ፣ ማታ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ አንገታቸውን ይይዘዋል፣ ከመኪና ወርደው በቀጥታ እስክስታ ይገባሉ። ባለፈው አንዷ ገና ጭፈራው ሲጀመር አንገቷ ተቆልፎ በጓደኞቿ ተደግፋ ወረደች። ቢያንስ 15 ደቂቃ አንገትን ቀስ አድርጎ ማዞር፣ ትከሻን ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ ጉልበትን ማፍታታት ያስፈልጋል። ጋቢውንም ተራው እስኪጠራ ከትከሻ ላይ አታውርዱት።