ታዞ ያልቆረጠው ብሬከር፦ የሪአክተር ማቆሚያ ሥርዓት ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ

በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሰሌዳ ላይ የማቆሚያ ትእዛዝ መውጣቱን የሚያሳውቀው መብራት በርቷል። ኒውትሮን እየዋጡ የሪአክተሩን ኃይል የሚያጠፉት የመቆጣጠሪያ ዘንጎች ግን አልወደቁም፤ የኒውትሮን መለኪያውም ፈቀቅ አላለም። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ፣ በዴላዌር ወንዝ ዳር በሚገኘው የሴለም ጣቢያ አንደኛ ሪአክተር ላይ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1983 የሆነው ይኸው ነው። የእንፋሎት ማመንጫው ውኃ ዝቅ በማለቱ ሥርዓቱ ሪአክተሩ እንዲቆም አዘዘ፤ የዘንጎቹን ኤሌክትሪክ መቁረጥ የነበረባቸው ሁለቱም ማጥፊያዎች፣ ብሬከሮቹ፣ ግን አልቆረጡም። ግማሽ ደቂቃ ገደማ ካለፈ በኋላ ኦፕሬተሩ በእጁ አቆመው። ሪአክተሩ ከሙሉ ኃይሉ በ12 በመቶ ብቻ ይሠራ ስለነበር ጉዳት አልደረሰም።

ሁለተኛው ምልክት ድምፅ አያሰማም፤ እኔ ይበልጥ የምፈራው እሱን ነው። ከሦስት ቀን በፊት፣ ፌብሩዋሪ 22፣ እዚያው ሪአክተር ላይ አውቶማቲኩ ሳይሠራ ቀርቶ ነበር። ኦፕሬተሩ ወዲያው በእጁ ስላቆመው ለሠራተኞቹ ሥርዓቱ ራሱ ያቆመው መሰላቸው። ነገሩ የተገለጠው ከሁለተኛው ክስተት በኋላ የኮምፒውተሩ መዝገብ እንደገና ሲነበብ ነው።

በቅድሚያ

መንስኤ ፍለጋው ይቆይ። የእጅ ማቆሚያው ይዞራል። እምቢ ካለ ለዘንጎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጡት ጄኔሬተሮች ይጠፋሉ፤ የያዛቸው ማግኔት ኃይል ሲያጣ ዘንጎቹ በገዛ ክብደታቸው ይወድቃሉ። እስከዚያው ዘንጎቹን በማንቀሳቀሻቸው ወደ ታች ማስገባት፣ ኒውትሮን የሚውጠው ቦሮን ያለበት ውኃ ወደ ሪአክተሩ መላክ፣ ሰው ልኮም ብሬከሩን እዚያው ቆሞበት ማስቆረጥ ይቻላል።

መንስኤው

የዘንጎቹ ኤሌክትሪክ በተከታታይ በተገጠሙ ሁለት ብሬከሮች ያልፋል፤ አንዱ ቢቆርጥ ይበቃል። እያንዳንዱ ብሬከር እንዲቆርጥ የሚያደርጉት ሁለት መልቀቂያዎች አሉት። በመጀመሪያው ውስጥ ያለው ኮይል (ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት የሚሆን የሽቦ ጥቅል) ቮልቴጅ እስካለው ድረስ ስፕሪንጉን ይዞ ይቆያል፤ ቮልቴጁ ሲቋረጥ ስፕሪንጉ ተፈናጥሮ ማንጠልጠያውን ይመታና ብሬከሩ ይቆርጣል። ሁለተኛው፣ ሻንት ኮይል የሚባለው፣ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ነው የሚመታው። በዚያን ጊዜ የአውቶማቲኩ ትእዛዝ የሚሄደው ወደ መጀመሪያው ብቻ ነበር፤ የእጁ ግን ወደ ሁለቱም። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፦ መብራት ቢጠፋ እንኳ ሪአክተሩ ይቆማል። ችግሩ ስፕሪንጉ ጉልበቱ ትንሽ መሆኑ ነው። የሚንሸራተቱት ክፍሎች ሲያልቁ፣ አቧራ ሲይዛቸውና ቅባታቸው ሲደርቅ ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ይይዛሉ። ቮልቴጁ ተቋርጧል፣ ኮይሉም ለቅቋል፤ ማንጠልጠያው ግን ንቅንቅ አላለም።

ሁለት ብሬከር እያለ ሁለቱም እንዴት አብረው እምቢ አሉ? ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ የተጠገኑትም በአንድ ዓይነት እጅ ነው። አምራቹ ዌስቲንግሃውስ ስለ ጽዳትና ቅባት እ.ኤ.አ. በ1974 መመሪያ ልኮ ነበር፤ መመሪያው ወደ ጥገናው ሥርዓት አልገባም። ይባስ ብሎ ብሬከሮቹ ለደኅንነት ወሳኝ ከሆኑ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ስላልነበሩ እንደ ተራ ዕቃ ተጠገኑ። ለእኔ የብልሽቱ ሥር ከደረቀው ቅባት ይልቅ ይህ ዝርዝር ነው።

መፍትሄው

ብሬከሩ ወጥቶ ይጸዳል፣ በአምራቹ በተፈቀደው ቅባት ይቀባል፤ ያለቀ መልቀቂያ በአዲስ ይተካል እንጂ እየሞረዱ አይመልሱትም። ከዚያ ዋናው ፈተና ይመጣል፦ ሁለቱ መልቀቂያዎች ለየብቻ ይሞከራሉ። በእጅ ማቆሚያው ብቻ ከተሞከረ ጤነኛው ሻንት ኮይል የታመመውን ይሸፍንለታል፤ ብሬከሩ ሲቆርጥ የሰማ ሠራተኛም ፈርሞ ይሄዳል። ስለዚህ ሻንት ኮይሉ ተነጥሎ የመጀመሪያው ብቻውን ይታዘዛል፤ ለመቁረጥ የፈጀበት ጊዜም ተለክቶ ካለፈው ጋር ይነጻጸራል። እየዘገየ የሚሄድ ብሬከር ነገ የሚያደርገውን ዛሬ እየተናገረ ነው።

ሪአክተሩ በቆመ ቁጥር፣ ዳግም ከመነሳቱ በፊት፣ የኮምፒውተሩ መዝገብ መስመር በመስመር ይነበባል፦ አውቶማቲኩ መቼ አዘዘ? ብሬከሩ መቼ ቆረጠ? በመካከል የሰው እጅ ገብቷል? የአሜሪካ ኑክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ጣቢያውን 850,000 ዶላር ከቀጣ በኋላ ይህንን ግምገማ በሌሎቹም ጣቢያዎች ላይ አስገደደ፤ የአውቶማቲኩ ትእዛዝም ወደ ሻንት ኮይሉ ጭምር እንዲሄድ ተደረገ። ይህ ተጨማሪ መንገድ ኤሌክትሪክ ስለሚፈልግ በምርመራው ቀን የሚመግቡት ባትሪዎች ቮልቴጅም አብሮ ይለካል።