የቦይ ውሃ ፍጥነትና ቁልቁለት፦ በጎማ፣ በሜትርና በሎሚ

ቁልቁል የተለቀቀ ኳስ እየፈጠነ ይሄዳል። የቦይ ውሃ ግን ቁልቁለቱና የቦዩ ቅርጽ እስካልተለወጠ ድረስ በአንድ ፍጥነት ይወርዳል፤ ስበት የሚጎትተውን ያህል ወለሉና ግድግዳው ይይዙታል። ይህ መያዝ በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ በእኩል ጥልቀት ቁልቁለቱ 4 እጥፍ ቢሆን ፍጥነቱ 2 እጥፍ ብቻ ይሆናል።

ከአዳማ ወደ ወንጂ፣ አዋሽን ስቦ አትክልት የሚያጠጣ ሰው ይህን በራሱ ቦይ ላይ መለካት ይችላል። ለቁልቁለቱ ግንበኞች ውሃ ልክ የሚይዙበት 20 ሜትር ነጭ ጎማ ይበቃል። ውሃ ሙሉበትና ጫፎቹን ጎን ለጎን ያዙ፤ ውሃው እኩል ካልቆመ ውስጡ አየር አለ፣ አስወጡት። ከዚያ 15 ሜትር ተራራቁና ከቦዩ ውሃ ገጽ እስከ ጎማው ውሃ ያለውን ቁመት በሁለቱም በኩል ለኩ። ላይኛው 50፣ ታችኛው 53 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ውሃው 3 ወርዷል፤ 3 ለ1500 ሲካፈል ቁልቁለቱ 0.002 ነው። ከወለሉ አትለኩ፣ አንድ ጉድጓድ ብቻ ያሳስታችኋል። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ብትስቱ ግን ፍጥነቱ ላይ የሚመጣው ስህተት 8 በመቶ ገደማ ነው፤ የካሬ ሥር ደግነቱ ይኼ ነው።

ለፍጥነቱ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ሎሚ ጣሉ። ባዶ ሃይላንድ አይሆንም፣ የአዳማ ነፋስ ይገፋዋል። ሎሚው 10 ሜትሩን በ20 ሰከንድ ከጨረሰ የገጹ ፍጥነት በሰከንድ 0.5 ሜትር ነው። ከታች ያለው ውሃ ስለሚዘገይ በ0.85 አባዙት፤ 0.43 ገደማ። አምስቴ ደጋግሙ፣ ዳር የነካውን አትቁጠሩ።

አሁን ፍጥነትን ከቁልቁለት፣ ከቦዩ ቅርጽና ከሻካራነቱ በሚያሰላው በማኒንግ ቀመር አመሳክሩ። ስፋቱ 60፣ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቦይ ውስጥ የውሃው አግድም ቁርጥ 0.12 ካሬ ሜትር ነው፤ ውሃው የሚነካው ዙሪያ 1 ሜትር ነው። 0.12ን ለ1 አካፍሉና በ2/3 ኃይል አንሱት፦ 0.243። በ0.002 ካሬ ሥር (0.0447) አባዙና ለንጹሕ የአፈር ቦይ ሻካራነት ለ0.025 አካፍሉ፤ 0.43 ይመጣል። ሎሚው ከዚህ በጣም ካነሰ ሣር በቅሏል፣ ወይም ታች የዘጋ ነገር አለ።

ቁልቁለቱን 0.008 ብታደርጉት ያው ውሃ ጥልቀቱ ወደ 12 ሳንቲ ሜትር ይቀንሳል፣ ፍጥነቱም 0.7 ይደርሳል። ልል አሸዋማ አፈርን ይህ ይቦረቡረዋል። መሬቱ ገደላማ ከሆነ ቦዩን በ0.002 አውርዱና ትርፉን ከፍታ በድንጋይ ደረጃ ጣሉት፤ ከደረጃው ሥር ድንጋይ ካልተነጠፈ ግን ደረጃው ራሱ ሊናድ ይችላል።