ለአዲስ ፉል ፍሬም ካሜራ ሌንስና ዕቃ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከክሮፕ ካሜራ (ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን የሚቀበለው ቺፕ፣ ትንሽ የሆነ) ወደ ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ ትልቅ የሆነ) የሚሸጋገር ሰርግ አንሺ አብዛኛውን ጊዜ ብሩን ቦዲው (ሌንስ የሌለው ካሜራ) ላይ ይጨርሰዋል። ሌንሱ፣ ካርዱና ፍላሹ የሚገዙት በተረፈው ነው፤ ያውም ሰርጉ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው። ከታች ያሉት ስህተቶች በአብዛኛው የዚያ ጥድፊያ ውጤት ናቸው። ጉዳታቸው እኩል ስላልሆነ እኩል ቦታ አልሰጠኋቸውም።

የክሮፕ ሌንስ መግዛት

ይህን በትዕግሥት ማለፍ ይከብዳል፤ ሌንሱ ላይ በግልጽ ተጽፎ እያለ የሚፈጸም ስህተት ነውና። ሌንሱ ቦዲው ላይ ቀጭ ብሎ ይገባል፣ ፎከስ ያደርጋል፣ ፎቶውም ስክሪኑ ላይ ያምራል። “ለሶኒ ነው” ያለው ሻጭም አልዋሸም። ነገር ግን የክሮፕ ሌንስ የሚጥለው የብርሃን ክብ 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነውን የፉል ፍሬም ሴንሰር አይሸፍንም። ካሜራው ይህን ሲያውቅ ጠርዙን ትቶ መሐሉን ብቻ ይጠቀማል። 24 ሜጋፒክስል የነበረው ሶኒ ወይም ኒኮን ወደ 10 ተኩል ገደማ፣ ካኖን ከሆነ ደግሞ ወደ 9 ተኩል ገደማ ይወርዳል። ሶኒ ላይ መቁረጡን ቢያጠፉት ማዕዘኖቹ ይጠቁራሉ፤ የካኖን ሚረርለሶች (ውስጣቸው መስታወት የሌላቸው አዳዲስ ካሜራዎች) ላይ ማጥፋትም አይቻልም። የሙሉ ሴንሰር ዋጋ ተከፍሎ ከግማሽ ባነሰው ይሠራል ማለት ነው፤ ፎቶው ለአልበም በትልቁ እስኪታተም ድረስም ላይታወቅ ይችላል።

ፊደሎቹን ያንብቡ። ካኖን ላይ አርኤፍ-ኤስ እና ኢኤፍ-ኤስ ክሮፕ ናቸው፤ “ኤስ” የሌላቸው አርኤፍና ኢኤፍ ፉል ፍሬም ናቸው። ኒኮን ላይ ዲኤክስ የሚል ካለ ክሮፕ ነው። ሶኒ ላይ “ኢ” ብቻ ከሆነ ክሮፕ፣ “ኤፍኢ” ከሆነ ፉል ፍሬም። ሲግማ ለክሮፕ ዲሲ፣ ለፉል ፍሬም ዲጂ ብሎ ይጽፋል። ታምሮን ግን ልዩነቱን በአንዲት ፊደል ነው የሚያሳየው፤ በ“ዲአይ ሦስት” (Di III) መጨረሻ ላይ “ኤ” (A) ከተጨመረች ክሮፕ ነው። የታምሮን 28-75 ኤፍ 2.8 ፉል ፍሬም ሲሆን 17-70 ኤፍ 2.8 ክሮፕ ነው (28-75 የሌንሱ የማቅረቢያ መጠን በሚሊ ሜትር ነው፤ “ኤፍ” የአፐርቸሩ፣ ማለትም የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳው፣ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፤ ሁለቱም ሶኒ ላይ ይገጥማሉ። ከ2024 ጀምሮ ሲግማ 18-50 ኤፍ 2.8ን በካኖን አርኤፍ መግጠሚያ ስላወጣ ግራ መጋባቱ ብሷል። ትንሽ፣ ቀላልና ጥሩ ሌንስ ነው፤ ግን ዲሲ ነው። በ16፣ በ17 ወይም በ18 የሚጀምር፣ ዋጋውም ቀለል ያለ ዙም ሲያዩ ቆም ብለው ፊደሉን ይፈልጉ። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ እንዲያመጣልዎ ሲልኩም “2.8 ሌንስ ለካኖን” ብለው አይላኩ። ሙሉ ስሙን ከነፊደሉ ጽፈው ይላኩ፤ አገር ተሻግሮ የመጣን ሌንስ መመለስ ዋጋው ከባድ ነው።

ደካማ ዙም ይዞ ጨለማ ውስጥ መግባት

ከቦዲው ጋር አብረው የሚሸጡት ብዙዎቹ ዙሞች ሲያረዝሟቸው አፐርቸራቸው ይጠባል። የካኖኑ 24-105 ኤፍ 4-7.1 በ105 ላይ ኤፍ 7.1 ነው፤ የሶኒው 28-60 በ60 ላይ ኤፍ 5.6 ነው። ቀን ሜዳ ላይ ችግር የለም። ተክሊል ላይ ግን ያለው ብርሃን ሻማውና ጠባቡ መስኮት ነው፤ ፍላሽ መተኮስም ጸሎቱን ይረብሻል። በኤፍ 1.8፣ በ1/160 ሰከንድ ሾተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ)፣ በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 3200 የሚወጣውን ፎቶ በኤፍ 5.6 ለማንሳት አይኤስኦው ወደ 32000 መውጣት አለበት፤ በኤፍ 7.1 ደግሞ ወደ 50000 ይጠጋል። የሙሽራዋ ነጭ ቀሚስ ጥልፉ ጠፍቶ ሽሮ የተነሰነሰበት ይመስላል።

“ካሜራዬ ንዝረት መከላከያ አለው” የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል። መከላከያው የእጅዎን መንቀጥቀጥ ነው የሚያረጋጋው እንጂ የሚንቀሳቀሰውን ሰው አያቆምም። እስክስታ ላይ ትከሻው ጥርት ብሎ እንዲቆም 1/500 አካባቢ ያስፈልጋል፤ ያንን የሚሰጠው ሰፊ አፐርቸር ወይም ፍላሽ ብቻ ነው።

በአነስተኛ ገንዘብ ለሚጀምር ሰው 35 ኤፍ 1.8 እና 85 ኤፍ 1.8 ይበቃሉ። ሌንስ መለዋወጥ የሚያስጨንቀው 28-75 ኤፍ 2.8 ይያዝና 85ቱን በኋላ ይጨምር። ከክሮፕ የመጣ ሰው 50ውን ፉል ፍሬም ላይ ሲሰካ “ሰፋብኝ” ይላል፤ ክሮፕ ላይ እንደ 75 ያህል ሆኖ ይታየው ስለነበር ነው። የለመደውን የፊት ፎቶ የሚመልስለት 85ቱ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ግን የሚሠሩበትን ክፍል በሜትር ይለኩ። 36ን (የሴንሰሩን ስፋት በሚሊ ሜትር) ለሌንሱ ቁጥር አካፍለው በርቀቱ ሲያባዙ ፍሬሙ የሚይዘው ስፋት ይወጣል። ሽምግልና በሚደረግበት ሳሎን ውስጥ ግድግዳው ከሰዎቹ 2.5 ሜትር ብቻ ካራቀዎ፣ 35ቱ ወደ 2.6 ሜትር ስፋት ይይዛል፤ ሶፋው ሙሉ ይገባል። 85ቱ ግን አንድ ሜትር ብቻ ስለሚይዝ ከሁለት ሽማግሌ በላይ አይገባም።

ሰፊ አፐርቸር ስላለ ሁሌም ከፍቶ ማንሳትም ሌላ ስህተት ነው። 85ቱ በኤፍ 1.8፣ ከ2 ሜትር ርቀት ላይ ጥርት አድርጎ የሚያሳየው 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ብቻ ነው። ሙሽራው ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ከቆመ ይደበዝዛል። ለሁለት ሰው ኤፍ 2.8 ወይም 4፣ ለቤተሰብ ፎቶ ኤፍ 5.6 ያድርጉ።

ሜሞሪ ካርድን በላዩ በተጻፈው ትልቅ ቁጥር መምረጥ

በትልቁ የሚታተመው ፍጥነት ካርዱ ሲነበብ ያለው ነው። ቪዲዮ ለሚቀርጽ ሰው የሚያስፈልገው የመጻፊያ ፍጥነቱ ነው፤ እሱን የምትነግርዎ ትንሿ “ቪ” ናት። ቪ30 በሰከንድ ቢያንስ 30 ሜጋባይት ይጽፋል፤ ቪ60 እና ቪ90ም እንደ ቁጥራቸው ነው። 100 ሜጋቢት የሆነ 4ኬ ቪዲዮ በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት፣ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይበላል፤ ለእሱ ቪ30 ይበቃል። 600 ሜጋቢት የሆነው ዓይነት ግን በሰከንድ 75 ሜጋባይት ስለሚፈልግ ቪ90 ወይም ሲኤፍ ኤክስፕረስ ይጠይቃል፤ በቪ30 ካሜራው መሐል ላይ ቀረጻውን ያቆማል። ሲኤፍ ኤክስፕረስ ራሱ ዓይነት ኤ እና ዓይነት ቢ አለው፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። የካሜራዎን መመሪያ አይተው ይግዙ።

የባሰው አደጋ የውሸት ካርድ ነው። ላዩ 256 ጊጋባይት ይላል፤ ኮምፒውተሩም 256 ብሎ ያሳያል፤ ውስጡ ግን 16 ወይም 32 ብቻ ነው። ሲሞላ ስህተት አያሳይም፣ ዝም ብሎ መጻፉን ይቀጥላል፤ ፋይሎቹ ግን አይከፈቱም። አንድ ጊዜ ያለፈ ሰርግ ደግሞ አይደገምም። ካርዱን በገዙበት ቀን፣ ሥራ ላይ ሳያውሉት፣ ዊንዶውስ ላይ ኤች2ቴስትደብሊው (H2testw)፣ ማክ ላይ ኤፍ3 (F3) በሚባለው ነጻ ፕሮግራም እስከ አፉ ሞልተው መልሰው ያስነብቡት። ትልቅ ካርድ ላይ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ ይውሰድ። ካሜራዎ ሁለት የካርድ ቦታ ካለው አንዱ ሲሞላ ወደ ሌላው እንዲያልፍ አያድርጉት፤ ሁለቱም ላይ እኩል እንዲጽፍ ያድርጉ።

አዳፕተር ሁሉ አንድ መምሰሉ

አዳፕተር የአንድ መግጠሚያ ሌንስ ሌላ መግጠሚያ ባለው ቦዲ ላይ እንዲገባ የሚያደርግ ቀለበት ነው። ለቀድሞዎቹ ካሜራዎች የተሠራ የካኖን ኢኤፍ ሌንስ ያለው ሰው ለመሸጥ አይቸኩል፤ በካኖኑ አዳፕተር አውቶ ፎከሱም አፐርቸሩም በአርኤፍ ቦዲ ላይ በደንብ ይሠራሉ። ኒኮን ላይ ግን ኤፍቲዜድ የሚባለው አዳፕተር የራሱ ሞተር የለውም። ኤኤፍ-ኤስ ሌንሶች ይሠራሉ፤ እንደ 50 ኤፍ 1.8 ዲ ያሉት አሮጌዎቹ ግን በእጅ ብቻ ነው ፎከስ የሚደረጉት። የኤሌክትሪክ መገናኛ የሌለው ርካሽ ቀለበት ላይ የኢኤፍ ሌንስ ቢሰኩ ደግሞ አፐርቸሩን መቀየሪያ አያገኙም፤ ሌንሱ ላይ ቀለበት የለውምና።

ትንንሾቹ

ፍላሽና ትሪገር (ፍላሹን ከርቀት የሚያስነሳው መሣሪያ) እንደ ካሜራው ይለያያሉ። ጎዶክስ በሚባለው የፍላሽ ምርት ላይ ሲ ለካኖን፣ ኤን ለኒኮን፣ ኤስ ለሶኒ ነው።

ርካሽ ዩቪ ፊልተር (ሌንሱ ፊት የሚገጠም የአልትራቫዮሌት መከላከያ መስታወት) አይግዙ። ዲጂታል ካሜራ ዩቪን ራሱ ይከላከላል፤ መናኛው መስታወት ግን የሻማውን መብራት መልሶ አንጸባርቆ ፎቶው ላይ ነጠብጣብ ይጥላል። ለሌንሱ ጥበቃ ሁዱ (ሌንሱ ጫፍ ላይ የሚገጠመው ጥላ) ይበልጣል።

ቪዲዮ ለሚሠራ ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ ጠቆር ያለ መስታወት) ግዴታ ነው። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ በ25 ፍሬም፣ በ1/50 መቅረጽ ብልጭልጭታን ያስቀራል፤ ውጪ ፀሐይ ላይ በዚያ ሾተር አፐርቸሩን ከፍቶ መሥራት ያለ ኤንዲ አይታሰብም። ለእያንዳንዱ ሌንስ ከመግዛት አንድ ጥሩ የ82 ሚሊ ሜትር ገዝተው ለትንንሾቹ ማስፊያ ቀለበት ይጨምሩ።

ያገለገለ ሌንስ ሳይፈትሹ መግዛት

ሁለቱንም ክዳን ያንሱና የስልክ መብራት ከኋላ፣ ገደድ አድርገው ያብሩበት። እንደ ሸረሪት ድር የተቀጠነ ክር ካዩ ሻጋታ ነው፤ ይተዉት። መስታወቱ እስትንፋስ የተነፈሰበት መስሎ ከነጣ ጭጋግ አለው፤ ፎቶው ይፈዛል። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት ግን ምንም አያደርግም፤ በእሱ ዋጋ ለመከራከር ብቻ ይጠቀሙበት። የመግጠሚያው ብሎኖች ጭንቅላት ከተፋቀ ሌንሱ ተፈትቷል ማለት ነው።

የራስዎን ቦዲ ይዘው ይሂዱ። ቀጥ ያለ የብሎኬት ወይም የጡብ ግድግዳ ፊት ለፊት ቆመው፣ አፐርቸሩን ሙሉ ከፍተው አንዴ ያንሱ፤ ከዚያ አራቱን ማዕዘን በየተራ አጉልተው ይዩ። አራቱም በእኩል ትንሽ ቢለሰልሱ ጤነኛ ነው። ሦስቱ ጥርት ብለው አንዱ ከደበዘዘ ግን ውስጡ ያለው መስታወት ከቦታው ዞሯል፤ ብዙ ጊዜ ሲወድቅ የሚመጣ ነው፣ በቅናሽ ዋጋም አይካስም። ዙም ከሆነ ይህንኑ በሰፊው ጫፍ፣ በመሐሉና በረጅሙ ጫፍ ይድገሙት፤ አንዱ ጫፍ ላይ ብቻ የሚታይ ችግር አለና።